የቤተ መንግሥቱ በር ሲከፈት ብስክሌተኛው በየት ይግባ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጋዜጣችሁ ለጎብኚ ስለተከፈቱት ቤተ መንግሥቶችና ስለ አዳዲሶቹ መናፈሻዎች የሚያወጣቸውን ጽሑፎች ከባሕር ማዶ ሆኜ በትኩረት ስከታተል ቆይቻለሁ። ስለ እድሳቱ ጥራት፣ ስለ መግቢያው ዋጋ፣ ስለሚገኘው ገቢና ስለ ቅርሶቹ አያያዝ ብዙ ተጽፏል፤ አብዛኛውም ተገቢ ነው። ጎብኚው ከቤቱ ተነሥቶ እስከ ግቢው በር ድረስ በምን እንደሚመጣ የጠየቀ ጽሑፍ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ሁሉም ሰው በመኪና እንደሚመጣ የታሰበ ይመስላል። እኔ የምኖረው በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ በምትገኘው በብሪስቶል ከተማ ሲሆን፣ መኪና ስለሌለኝ በአካባቢው ያሉትን ጥንታዊ የመኳንንት ግቢዎችና የገጠር መናፈሻዎች የማየው በብስክሌት ነው። ከዚህ ልምድ ተነሥቼ የማቀርበው አሳብ አንድ ነው፤ ታሪካዊ ግቢ ለሕዝብ ተከፈተ ሊባል የሚገባው ያለ መኪና እስከ በሩ የሚያደርስ፣ ያልተቆራረጠና ሕፃን ልጅም ያለ ሥጋት ሊሄድበት የሚችል መንገድ ሲኖረው ነው።

ለማስረጃነት ከእንግሊዝ ግቢዎች ሁሉ ለእኛ ቅርብ የሆነውን አስቀድማለሁ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ምክንያት ተሰደው እ.ኤ.አ. በ1936 እንግሊዝ ከገቡ በኋላ፣ በፍል ውኃዋ በታወቀችው በባዝ ከተማ ምዕራባዊ ዳርቻ ፌርፊልድ ሀውስ የተባለውን ቤት ገዝተው እስከ 1940 ድረስ መኖሪያቸው አድርገውታል። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላም ባዝን አልረሷትም፤ በ1954 ተመልሰው ጎብኝተዋታል፣ በ1958 ደግሞ ቤቱን ለአረጋውያን አገልግሎት እንዲውል ለከተማዋ አበርክተዋል። ዛሬም አረጋውያን ይሰባሰቡበታል፤ ጎብኚም በሚከፈትባቸው ቀናት ያስተናግዳል። በእንግሊዝ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ወደዚህ ቤት የምንሄደው አብዛኛውን ጊዜ በተከራየነው አውቶቡስ ወይም አራት አምስት ሆነን በአንድ መኪና ነው። ቤቱ የሚገኝበት የኬልስተን መንገድ ዳገታማ፣ መኪና የሚበዛበትና ማቆሚያ የሚያስቸግርበት በመሆኑ፣ ሾፌሩ ቶሎ ውረዱ፣ ቶሎ ተሳፈሩ ማለቱ አይቀርም። ሰዎቻችን ከደጁ ፎቶግራፍ ተነሥተው፣ ክፍሎቹን በችኮላ ዞረው፣ ምሳቸውን በልተው ይመለሳሉ። ቤቱ ያለበትን አካባቢ፣ ወንዙን፣ ሸለቆውንና ጎረቤቱን ያየ ጥቂት ነው።

በብስክሌት የሚመጣ ሰው ግን ከብሪስቶል መሐል ተነሥቶ እስከ ባዝ ድረስ 21 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ጥቂት የመኪና መንገዶችን ከማቋረጡ በቀር ከመኪና ጋር ሳይገናኝ ይደርሳል። ይህ መንገድ ቀድሞ የባቡር ሐዲድ ነበር። ወደ ባዝ የሚወስደው ቅርንጫፍ እ.ኤ.አ. በ1869 ተከፍቶ፣ በ1966 መንገደኛ ማመላለስ አቆመ፤ ጥቂት ቆይቶም የጭነቱ አገልግሎት ተቋረጠ። ሐዲዱ ተነቅሎ መሬቱ ጠፍ በሆነበት ወቅት፣ በ1977 በብሪስቶል የተቋቋመ የብስክሌተኞች ማኅበር ይህ መሬት ለእግረኛና ለብስክሌት ይሁን ብሎ ተነሣ። ከ1979 እስከ 1986 ድረስም አባላቱና በጎ ፈቃደኞች አካፋና ዶማ ይዘው ጭምር እየሠሩ ክፍል በክፍል አጠናቀቁት። ማኅበሩ በኋላ ሰስትራንስ የሚል ስም ይዞ በመላው ብሪታንያ የብስክሌት መንገዶች መረብ የዘረጋው ድርጅት ሆነ። በዚያ መረብ ውስጥ ከብሪስቶል እስከ ባዝ ያለው መንገድ ከለንደን ተነሥቶ እስከ ዌልስ ምዕራባዊ ጠረፍ የሚዘልቀው የ4 ቁጥር መሥመር አካል ነው።

ሐዲድ የነበረ መሬት ለብስክሌት የሚስማማበት ምክንያት ግልጽ ነው። የእንፋሎት ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት መውጣት ስለማይችል፣ መሐንዲሶቹ ኮረብታውን ቆርጠው፣ ሸለቆውን በአፈር ደልድለው፣ የማይቆረጠውን ደግሞ በዋሻ በስተው ነው መሥመሩን የዘረጉት። ስለዚህ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ለባቡሩ የተከፈለው ድካም ዛሬ የስድሳ ዓመት ሰው ሳያለከልክ ፔዳል እንዲመታ አስችሎታል። ከብሪስቶል እስከ ስቴፕል ሂል ዋሻ ድረስ መንገዱ በማይታወቅ ሁኔታ ከፍ እያለ ይሄዳል፤ ግማሽ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ይህ ዋሻ መብራት ያለው ሲሆን፣ በበጋ እንኳ ቀዝቃዛ ነው፤ ከዋሻው ወዲያ ቁልቁለቱ በቀስታ ወደ ኤቨን ወንዝ ሸለቆ ይወርዳል።

ከጉዞው ሁሉ የእንግሊዝን የመኳንንት ግቢ ምንነት በደንብ ያስተማረኝ ግን ባዝ ከመድረስ በፊት የሚገኘው የዋርምሊ መንደር ነው። ብዙ ጎብኚ እዚያ ቡና ጠጥቶ ያልፋል። ከመንገዱ ጥቂት ገባ ሲሉ ዊልያም ቻምፒየን የተባለ የ18ኛው ክፍለ ዘመን የማዕድን ባለሀብት ያሠራው ቤት፣ የአትክልት ቦታና የፋብሪካው ቅሪት ይገኛሉ። ቻምፒየን ዚንክን አቅልጦ የማውጣት ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1738 በስሙ ያስመዘገበ ሰው ነው፤ በዋርምሊም ናስ፣ መዳብና ዚንክ የሚያመርት ትልቅ ተቋም መሥርቶ ነበር። ከማቅለጫው የሚወጣውን ጥቁር ዝቃጭ በቅርጽ እያፈሰሰ እንደ ድንጋይ ጡብ አድርጎ ግድግዳና አጥር ሠራበት፤ በአትክልቱ ውስጥም ሰው ሠራሽ ዋሻ አነጸበት። ሐይቅ በነበረው ቦታ መካከል የቆመው የኔፕቲዩን፣ ማለትም የሮማውያን የባሕር አምላክ፣ ግዙፍ ምስልም ዋና አካሉ ይኸው የፋብሪካ ዝቃጭ ነው። ሀብቱ ግን አልዘለቀም፤ ቻምፒየን በ1769 ከስሮ ወደቀ።

በዚያ ዘመን በብሪስቶልና በአካባቢዋ ይመረት ከነበረው ናስ ከፊሉ በመርከብ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ተጭኖ በሰው ልጅ ይለወጥ እንደነበር ሲታሰብ፣ ያ አስቂኝ የሚመስል የባሕር አምላክ ሌላ መልክ ይይዛል። ናሽናል ትረስት የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1895 የተቋቋመውና በርካታ ጥንታዊ ግቢዎችን የሚያስተዳድረው ድርጅት በ2020 ባወጣው ዘገባ፣ በእጁ ካሉት ቦታዎች 93ቱ ከቅኝ አገዛዝ ወይም ከባሪያ ንግድ ታሪክ ጋር ግንኙነት እንዳላቸው ገልጿል። ከእነዚህ አንዱ ከባዝ በስተሰሜን የሚገኘው ዲራም ፓርክ ነው፤ ቤቱን ከ1692 ጀምሮ ያሠራው ዊልያም ብላትዌይት የእንግሊዝ የቅኝ ግዛቶች አስተዳደር ጉዳይ በእጁ የነበረ ባለሥልጣን ነው። በመኪና የሚመጣ ጎብኚ ገንዘቡ የወጣበትን ውብ ሳሎን ብቻ ያያል። በአሮጌው የባቡር መሥመር የሚጓዝ ሰው ግን ገንዘቡ የተገኘበትን የማቅለጫ ቅሪት፣ ገንዘቡ የፈሰሰበትን የአትክልት ቦታና ሠራተኛው ይኖርበት የነበረውን መንደር በአንድ ከሰዓት ውስጥ፣ እርስ በርሳቸው ባላቸው ርቀት ልክ ያያቸዋል። ስለ ብስክሌት ጤናማነት ብዙ ይባላል፤ እኔ ግን ከጤናው ይልቅ ይህን ጥቅሙን አስበልጣለሁ።

ከዋርምሊ ወዲያ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። በቢተን አሮጌው ጣቢያ በበጎ ፈቃደኞች የሚነዳ የእንፋሎት ባቡር አለ፤ ልጆች የያዘ ሰው ከዚያ መላቀቅ ይቸግረዋል። መንገዱ ኤቨን ወንዝን ደጋግሞ በአሮጌ የባቡር ድልድዮች እየተሻገረ፣ ላሞች በሚግጡበት ለምለም ሜዳ አልፎ ባዝ ዳርቻ ይደርሳል። እዚያ ወደ ግራ ተገንጥሎ ዋናውን አውራ ጎዳና በመብራት ተሻግሮ ወደ ፌርፊልድ መውጣት ነው። ዳገቱ አጭር ቢሆንም ጠንከር ያለ ስለሆነ፣ ወርዶ ብስክሌቱን እየገፉ መውጣት ነውር የለበትም።

በዚህ መንገድ ፌርፊልድ የደረሰ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። በእንግሊዝ ባለርስቶች መመዘኛ ይህ ቤት ትልቅ አይደለም። የሺህ ሄክታር ደን የለውም፤ ሚዳቋ የሚሰማራበት መስክ የለውም፤ የደስ ደስ ያለው፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ የከተማ ዳርቻ ቪላ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከእቴጌ መነን፣ ከቤተሰባቸውና አብረዋቸው ከተሰደዱት ጋር የእንግሊዝን ክረምት እዚህ ሲያሳልፉ ገንዘብ እንዳጠራቸው በባዝ ዛሬም ይነገራል። የሕይወት ታሪካቸውን የመጀመሪያ ክፍል ያዘጋጁትም እዚሁ ነው። አውቶቡስ ደጁ ላይ ያወረደው ጎብኚ ቤቱን ከሌላው ጋር የሚያነጻጽርበት ነገር ስለሌለው «ምን ያለ ቤተ መንግሥት ነው!» ብሎ ይደነቃል፤ የእንግሊዝ ናስ አቅላጭ የሠራውን ግቢ ከጥቂት ሰዓት በፊት አይቶ የመጣው ግን ስደት የአንድን አገር ንጉሠ ነገሥት በምን ያህል ቤት እንዳስቀመጠው ይገባዋል።

ፌርፊልድ በአካባቢው ብቻውን አይደለም። ከብሪስቶል በስተምዕራብ ያለው አሽተን ኮርት 850 ኤከር ስፋት ያለው የስሚዝ ቤተሰብ ርስት ነበር። የከተማው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1959 ገዝቶ ለሕዝብ ስለከፈተው፣ ያለ ክፍያ ገብቶ ከሚዳቋ መንጋ አጠገብ መንሸራሸር ይቻላል፤ ጫካው ውስጥም ለተራራ ብስክሌት የተለየ ጥርጊያ ተሠርቶለታል። ከዚያ የሚቀጥለው ፌስቲቫል ዌይ የተባለ የብስክሌት መሥመር ወደ ቲንትስፊልድ አቅጣጫ ይወስዳል። ቲንትስፊልድ ዊልያም ጊብስ የተባለ ነጋዴ ከፔሩ ደሴቶች የባሕር ወፍ ኩስ ለማዳበሪያነት እያስመጣ በመሸጥ ባካበተው ሀብት ያሠራው፣ ጣሪያው በሾጣጣ ማማ ያጌጠ ቤት ነው፤ ናሽናል ትረስት በ2002 ገዝቶታል። በኩስ ንግድ የተሠራ ካቴድራል መሰል ጸሎት ቤት ማየት ለሚፈልግ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ለክርክሬ ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ግን ባዝ ላይ ያለው ፕራየር ፓርክ ነው። ራልፍ አለን በፖስታ አገልግሎትና በድንጋይ ካባ የበለጸገ ሰው ነበር፤ የባዝ ቤቶች የሚታወቁበት ማር መሳይ ድንጋይ በብዛት የወጣው ከእሱ ካባዎች ነው። ከኮረብታው አናት ቤቱን፣ ከሥሩም እስከ ሐይቁ የሚወርደውን የአትክልት ሸለቆ አሠራ፤ በ1755 የተሠራው አምዳማ ድልድይም ዛሬ ድረስ ጎብኚ የሚጎርፍለት ነው። አትክልቱን የሚያስተዳድረው ናሽናል ትረስት ለአካል ጉዳተኞች ከተመደበው በቀር በቦታው ላይ ምንም የመኪና ማቆሚያ አላዘጋጀም። ጎብኚው በእግር፣ በከተማ አውቶቡስ ወይም በብስክሌት ይመጣል፤ ቦታውም በዚህ ምክንያት ባዶውን አልቀረም። «ማቆሚያ ካልሠራን ማን ይመጣል?» ለሚሉት የአገራችን የቅርስ አስተዳዳሪዎች ይህ በቂ መልስ ይመስለኛል። እርግጥ የፕራየር ፓርክ ዳገት ቀልድ አይደለም። ባዝ ግን ኮረብታዋን ለመሻገር ሌላ ዘዴም አላት፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ሁለት የተተዉ የባቡር ዋሻዎች ለእግረኛና ለብስክሌት ተከፍተዋል። ከሁለቱ ረጅሙ ከ1600 ሜትር በላይ ነው፤ በኮረብታው ሆድ ውስጥ አልፎ ወደ ገጠሩ ያወጣል።

ይህ ሁሉ በብስክሌተኞች መልካም ፈቃድ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ከበስተጀርባው ሕግ አለ። በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የገጠር ሕግ ሁለት ነገሮችን በአንድ ላይ አደረገ። አንደኛ፣ የአካባቢ ምክር ቤቶች በከተሞች አቅራቢያ የገጠር መናፈሻ እንዲያቋቁሙ ሥልጣን ሰጠ። ሁለተኛ፣ እስከዚያ ድረስ ለፈረሰኛና ለእግረኛ ብቻ በነበሩት የፈረስ መንገዶች ላይ ብስክሌተኛ እንዲሄድ ፈቀደ፤ ነገር ግን ለእግረኛውና ለፈረሰኛው ቅድሚያ የመስጠት ግዴታ ጣለበት። መናፈሻውንና ወደ መናፈሻው የሚወስደውን መንገድ አንድ ሕግ በአንድነት ማሰቡ ብልህነት ነው። በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ በዊራል ልሳነ ምድር በ1973 የተከፈተው፣ ከአገሪቱ የገጠር መናፈሻዎች ቀዳሚው የሆነው ቦታ ራሱ የተዘረጋው በተተወ የባቡር መሥመር ላይ ነው፤ መንገዱና መናፈሻው አንድ አካል ናቸው ማለት ይቻላል።

ከላይ የጠቀስኩት የ4 ቁጥር መሥመር ለኢትዮጵያዊ ተጓዥ ሌላም ትርጉም አለው። ይኸው መሥመር ከለንደን ወደ ምዕራብ ሲጓዝ በዊንድሰር ታላቁ ፓርክ ውስጥ ያልፋል። ከፓርኩ ብዙም በማይርቀው የዊንድሰር ግንብ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ተቀብሯል። በሰባት ዓመቱ ከመቅደላ ተወስዶ፣ እ.ኤ.አ. በ1879 በ18 ዓመቱ በሊድስ አርፏል፤ ዐፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ በ2023 የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት አልተቀበለውም። አንዱ በልጅነቱ ተማርኮ፣ ሌላው በስደት መጥተው፣ የሁለት የኢትዮጵያ ነገሥታት ቤቶች ታሪክ በአንድ የብስክሌት መሥመር ላይ መገናኘቱን እስካሁን የጠቀሰ የጉዞ መጽሔት አላየሁም። ሁለቱን ለማገናኘት የፈለገ ሰው በሬዲንግና በዲቫይዝስ በኩል፣ ብዙውን በአሮጌ የመርከብ ቦይ ዳርቻ፣ ቀናት በሚወስድ ጉዞ ሊሄድ ይችላል። ያን ያህል ጊዜ የሌለው ደግሞ ከለንደን ባዝ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል በሚወስደው ባቡር ብስክሌቱን ጭኖ መምጣት ይችላል፤ የረጅም ርቀት ባቡሮቹ ለብስክሌት ቦታ አስቀድሞ መያዝ ስለሚጠይቁ ይህን አለመርሳት ይበጃል። ታጣፊ ብስክሌት ያለው ሰው ከዚህ ጣጣ ነጻ ነው።

ነገሩን ከልክ በላይ እንዳላሳምር ጉድለቱንም ልናገር። ብስክሌተኞች ራሳችን የምንወቀስበት አለ። የብሪስቶልና የባዝ መንገድ እግረኛው፣ ሕፃን በጋሪ የሚገፋው፣ ውሻ የሚያንሸራሽረውና ዓይነ ስውሩ አብረው የሚጠቀሙበት ነው። በዚህ መካከል ሥራ የረፈደበት ብስክሌተኛ ደወል ሳይደውል እንደ ጥይት ሲያልፍ አረጋውያን ደንግጠው ወደ ዳር ሲሸሹ አይቻለሁ። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ነው የሚለውን ምክንያት አልቀበልም፤ ሕጉ ቅድሚያ ለእግረኛ ስጥ ካለ መስጠት ነው። በግቢዎቹም በኩል ችግር አለ። አንዳንዶቹ እስከ በራቸው የሚያደርስ የብስክሌት መንገድ እያላቸው የመጨረሻዎቹ ጥቂት መቶ ሜትሮች በፍጥነት በሚነዳበት ጠባብ የገጠር አስፋልት ላይ ያልፋሉ፤ ልጅ ይዞ ለሚመጣ ወላጅ ደግሞ እነዚያ ጥቂት መቶ ሜትሮች የጉዞው ሁሉ ፈራጅ ናቸው። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ግቢ በደረስኩበት ጊዜ ለመኪና የተነጠፈ ሰፊ ሜዳ እያለ፣ ብስክሌቴን ከቆሻሻ ማጠራቀሚያው ጀርባ ካለው አጥር ጋር እንዳስረው ተነግሮኛል። ጥሩ የብስክሌት ማሰሪያ ማለት ግን መሬት ውስጥ የተተከለ፣ ጥበቃው በሚያየው ቦታ ያለ፣ ከጎማው ይልቅ አካሉ የሚታሰርበት ወፍራም ብረት ነው። ከአንድ መኪና ማቆሚያ ባነሰ ስፍራ ስድስት ብስክሌት ያለ ችግር ይቆማል።

ከወገኖቼ ዘንድ የምሰማው ተቃውሞ ደግሞ ሌላ ነው። ብስክሌት የልጅ ጨዋታ ነው፣ ወይም መኪና መግዛት ያቃተው ሰው መጓጓዣ ነው የሚለው አስተያየት እንግሊዝ አገር ሃያና ሠላሳ ዓመት በኖሩት መካከል እንኳ አልጠፋም። ነጠላ ለብሰው ለበዓል የሚሄዱ እናቶች ብስክሌት ላይ ይውጡ የሚል ሰው የለም፤ አውቶቡሱም ይኑር። ነገር ግን ጉልበታቸው የደከመ አባቶችና እናቶች ሁሉ ከዚህ ጉዞ ውጪ ናቸው ማለት ትክክል አይደለም። በእንግሊዝ ሕግ ሞተሩ ከ250 ዋት ያልበለጠና በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ርዳታውን የሚያቆም ባለባትሪ ብስክሌት እንደ ተራ ብስክሌት ይቆጠራል፤ መንጃ ፈቃድም አይጠይቅም። ሚዛን መጠበቅ ለሚያስቸግረው ባለ ሦስት ጎማ አለ። የማኅበራት መሪዎች ለዓመታዊ ጉዞ አውቶቡስ ሲከራዩ፣ ወጣቶቹ ከብሪስቶል በብስክሌት ተነሥተው ፌርፊልድ ላይ ከአረጋውያኑ ጋር የሚገናኙበትን ፕሮግራም ቢጨምሩበት ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይሆንም።

አሁን ወደ አገር ቤት ልመለስ፤ የደብዳቤዬ ዋና ምክንያት እሱ ነውና። አንድነት ፓርክ በ2012 ዓ.ም.፣ የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ሲከፈቱ ለዘመናት በአጥር የተከለለ መሬት ለሕዝብ ዓይን በቃ። ይህን ማድነቅ ይገባል። ከዚያ ወዲህም በኮሪደር ልማቱ በአዲስ አበባ ዋና ዋና ጎዳናዎች ላይ የብስክሌት መሥመሮች ተሠርተዋል። ሁለቱ ሥራዎች ግን እርስ በርሳቸው ተያይዘው የታሰቡ አይመስሉም። ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ወደ እንጦጦ የሚወስደው መንገድ ከባድ ዳገት መሆኑን አልክድም፤ አናቱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር ያልፋል። ነገር ግን ዳገቱን የማይችል ብስክሌተኛ ብስክሌቱን ጭኖ የሚወጣበት የሕዝብ አውቶቡስ ቢኖር፣ ቁልቁለቱን ለመውረድ ደግሞ ከመኪናው የተከለለ መሥመር ቢዘጋጅ ጉዳዩ ይፈታል። ፓርክ ውስጥ ገብቶ ብስክሌት መንዳትና ወደ ፓርኩ በብስክሌት መምጣት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የመጀመሪያው መዝናኛ ነው፣ ሁለተኛው የመግባት መብት ነው።

ከአዲስ አበባ ይልቅ ተስፋ የማደርገው ግን በሌሎች ከተሞች ነው። ባሕር ዳር ሜዳማ ናት፤ ብስክሌት የተማሪውም የሠራተኛውም መጓጓዣ ሆኖ ኖሯል፤ ማንም እንደ ውርደት አይቆጥረውም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ያለበት የቤዛዊት ኮረብታ ከከተማዋ ብዙ አይርቅም፤ ዐባይንም ከላይ ሆኖ ይመለከታል። እዚያ ድረስ የተከለለ መንገድ ለመዘርጋት ከሁሉ የቀለለችው ከተማ ባሕር ዳር ናት። በጎንደርም ከፋሲል ግቢ እስከ ጥምቀተ ባሕሩ ያለው ርቀት ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ የእቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም አለ። እነዚህን ሦስቱን በአንድ መሥመር ማያያዝ ለጎብኚው ግማሽ ቀን የሚወስድ፣ ለከተማዋ ደግሞ መኪና የማይጨምርባት ጉዞ ይሆናል። የጎንደር ዳገት ቢያስቸግር እንኳ በእግር የሚሄደው ያመሰግናል።

የድሮው የአዲስ አበባና የጅቡቲ ባቡር መሥመርም ሊታሰብበት ይገባል። አዲሱ ባቡር ሥራ ከጀመረ ወዲህ አሮጌው ሐዲድ በብዙ ቦታ ሣር በቅሎበታል። ከለገሃር በአቃቂ በኩል ወደ ቢሾፍቱ የሚወስደው ክፍል፣ ንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት ወደነበራቸው የሐይቆች ከተማ የሚያመራ፣ ለባቡር ተብሎ የተደለደለ መሬት ነው። ሐዲዱ ራሱ ቅርስ ስለሆነ ይነቀል አልልም፤ ጎኑን ጠርጎ ለእግረኛና ለብስክሌት ማዋል ግን ይቻላል። የብሪስቶል ሰዎች ሥራውን የጀመሩት መንግሥት እስኪያዛቸው ጠብቀው አልነበረም፤ ባለቤቱን አስፈቅደው፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ አጽድተው ሕዝቡ እንዲሄድበት አደረጉ፤ ሕዝቡ ከለመደው በኋላ ቀሪውን አትሥሩ የሚል ባለሥልጣን አልተገኘም። መሬቱ በሰፈራና በግንባታ ተቆራርጦ ካለቀ በኋላ ግን ማንም ሊመልሰው አይችልም። በእንግሊዝም በዚህ መንገድ የጠፉ መሥመሮች ብዙ ናቸው።

ስለዚህ የዝግጅት ክፍሉን ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛው፣ ሪፖርተሮቻችሁ ቤተ መንግሥቶችንና መናፈሻዎችን የሚያስተዳድሩትን ኃላፊዎች በሚያነጋግሩበት ጊዜ፣ ከጎብኚዎቹ ስንቱ በእግርና በብስክሌት እንደሚመጣ ተቆጥሮ እንደሆነ፣ ለእነሱስ በበሩ ላይ ምን እንደተዘጋጀ እንዲጠይቁልን ነው። ሁለተኛው ቀላል ነው፤ ስለ አንድ ግቢ መከፈት በምትጽፉበት ጊዜ ከመግቢያው ዋጋና ከሚከፈትበት ሰዓት ቀጥሎ በእግር ወይም በብስክሌት የሚመጣ ሰው በየትኛው በር እንደሚገባና ብስክሌቱን የት እንደሚያስር የሚገልጽ አንድ መሥመር ብትጨምሩ፣ አስተዳዳሪዎቹ ለዚያ መሥመር የሚሆን መልስ ማዘጋጀት ይኖርባቸዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣው አንባቢ፣ ከብሪስቶል